ካሲዮ ኤፍኤክስ-991ኢኤስ ፕላስ ለጄነራል ኬሚስትሪ፦ ይገዛል ወይ?

አዎ፣ ይገዛል። ጄነራል ኬሚስትሪ የምትወስዱ ፍሬሾች፣ ገንዘባችሁ ለአንድ ካልኩሌተር ብቻ የሚበቃ ከሆነ እሱን ግዙ። ግን ኦሪጅናሉን ይሁን። ገዝታችሁ ደግሞ ቦርሳ ውስጥ ወርውራችሁ እስከ ፈተና ቀን አትርሱት። ከታች የምጽፋቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ እየነካካችሁ ልመዷቸው።

እዚህ ጅማ ዋናው ግቢ ፍሬሾችን ኬሚስትሪ አስጠናለሁ። የሚድ ወረቀት በተመለሰ ቁጥር የማየው ነገር ያንገበግበኛል። ልጁ ሞል ምን እንደሆነ ገብቶታል። ኢኩዌሽኑን ባላንስ አድርጓል፣ ሊሚቲንግ ሪኤጀንቱን ለይቷል፣ ዩኒቱንም ጽፏል። መጨረሻ ላይ አንድ ቁልፍ ይሳሳትና የለፋበት ሁሉ ገደል ይገባል። ቀለሙ ጠፍቶት ቢሆን አይገርመኝም ነበር። ቀለሙ እያለ በመሣሪያ ምክንያት ነጥብ መጣል ግን በእውነት ያሳዝናል።

ካርቶኑ 417 ፈንክሽን አለው ይላል። እውነት ነው፣ ግን ለኬሚስትሪ የምትፈልጉት ከዚያ ውስጥ በጣም ጥቂቱን ነው። የቀረውን ለማትስና ለፊዚክስ ተዉት። እኔም ስለዚያ አላወራም።

ከታችኛው ረድፍ ልጀምር፣ ከነጥቧ ቀጥሎ ካለችው የ«×10» ቁልፍ። ለኬሚስትሪ ከዚች የምትበልጥ ቁልፍ የለችም። አንድ የካርቦን አቶም ስንት ግራም ይመዝናል ተባላችሁ እንበል። 12.011ን ለአቮጋድሮ ቁጥር፣ ማለትም በአንድ ሞል ውስጥ ላሉት አቶሞች ብዛት 6.022×10²³፣ ታካፍላላችሁ። ብዙ ልጆች 12.011 ÷ 6.022 ብለው የማባዣ ምልክቱን ይጫኑና 10 ጽፈው በፓወር ቁልፍ 23 ይጨምራሉ። ካልኩሌተሩ የታዘዘውን ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ለ6.022 ያካፍላል፣ ከዚያ ያገኘውን በ10²³ ያበዛል። መልሱ 1.99×10²³ ግራም ይሆናል፤ አንድ አቶም ከተራራ በላይ ከበደ ማለት ነው። በ«×10» ቁልፍ ስታስገቡት ግን 6.022×10²³ን እንደ አንድ ቁጥር ያየዋል፣ መልሱም 1.99×10⁻²³ ይወጣል። ዲጂቶቹ አንድ ናቸው፣ ልዩነቱ የፓወሩ ምልክት ብቻ ነው። አደጋውም እዚያ ላይ ነው። 1.99ን ያየ ተማሪ «ልክ ነኝ» ብሎ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ያልፋል።

ቀጥሎ ኮንስታንቶቹ። ውስጡ 40 ያህል ተጭነዋል። ሺፍት ትሉና 7ን ትጫናላችሁ፣ ከዚያ ሁለት ዲጂት ታስገባላችሁ። 24 አቮጋድሮ ነው። 06 የፕላንክ ኮንስታንት፣ 28 የብርሃን ፍጥነት፣ 22 ፋራዴይ፣ 27 የጋዝ ኮንስታንት። ለፍሬሽ ኮርስ እነዚህ ከበቂ በላይ ናቸው። ይሄ ካልኩሌተር እጁ ላይ እያለ ፈተና ውስጥ «የፕላንክ ኮንስታንት ስንት ነበር?» ብሎ የሚጨነቅ ልጅ ሳይ፣ በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚሉት ትዝ ይለኛል።

ለምሳሌ የሞገድ ርዝመቱ 500 ናኖሜትር የሆነ ብርሃን አንድ ፎቶን ስንት ጁል ይይዛል? ሺፍት 7 06፣ ማባዣ፣ ሺፍት 7 28፣ ማካፈያ፣ 500 በ«×10» ቁልፍ ነጌቲቭ 9። 3.97×10⁻¹⁹ ይላችኋል። አንድ መስመር ነው፣ አለቀ። ወረቀት ላይ ግን ፎርሙላውንም ቁጥሮቹንም ከነዩኒታቸው ጻፉ፤ መምህሩ የሚያርመው ስክሪናችሁን አይደለም።

እግረ መንገዴን፣ አቮጋድሮን ስታወጡት የመጨረሻዎቹ ዲጂቶች ሃንድአውታችሁ ላይ ካለው ትንሽ ቢለዩ አትደንግጡ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ቁጥሩ በትክክል 6.02214076×10²³ ተብሎ ተደንግጓል። ካልኩሌተሩ የተጫነበት ከዚያ በፊት በልኬት የተገኘው ነው። በአራት ሲግኒፊካንት ፊገር (ትርጉም ባላቸው አራት ዲጂቶች) ለሚሠራ ሰው ምንም ለውጥ የለውም።

አሁን ጥንቃቄ የሚፈልገውን ልንገራችሁ፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስለሚወድቅ ትንሽ ረዘም አደርገዋለሁ። 27 ቁጥር ላይ ያለው የጋዝ ኮንስታንት 8.314 ነው፤ ማለትም ጁል፣ በሞል፣ በኬልቪን። ክፍል ውስጥ የሚሰጣችሁ የጋዝ ጥያቄ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአትሞስፌርና በሊትር ነው። ለዚያ የሚያስፈልገው 0.08206 ነው፣ እሱ ደግሞ ውስጡ የለም። በእጃችሁ አስገቡት። ዝም ብላችሁ 27ን ከጠራችሁ መልሳችሁ 101 እጥፍ ያህል ይስታል። ስለዚህ ከመምህሩ መልስ ጋር ስታስተያዩ ልዩነቱ መቶ እጥፍ አካባቢ ከሆነ ሌላ ቦታ ስህተት አትፈልጉ። 26 ቁጥር ላይ ያለው ሞላር ቮልዩምም እንደዚያው ነው። 0.0224 ይላል፣ ምክንያቱም በኪዩቢክ ሜትር ነው። በሊትር የምታውቁት 22.4 እሱ ራሱ ነው።

22.4 ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ፍሬሾች ይሄን ቁጥር እንደ ጸሎት ይደግሙታል፣ ለየትኛውም ጋዝ፣ በየትኛውም ቦታ። ቁጥሩ የሚሠራው ግን በዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስና በ1 አትሞስፌር ብቻ ነው። እኛ ያለንበት ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ የአየር ግፊቱ ወደ 0.81 አትሞስፌር ይወርዳል፣ ውሃም 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው። እስቲ ካልኩሌተሩን አንሱና ሥሩት። 0.08206 × 298 ÷ 0.81። 30.2 ሊትር ነው። ዶርማችሁ ውስጥ፣ በ25 ዲግሪ፣ አንድ ሞል አየር የሚይዘው ቦታ ይሄን ያህል ነው። ይሄን ሳሠራቸው የልጆቹ ፊት ሲበራ ደስ ይለኛል። ፎርሙላው ከወረቀት ወርዶ እነሱ ያሉበት ከተማ ውስጥ ይገባል። ላብ ውስጥ ጋዝ ሰብስባችሁ ስትለኩም ከ22.4 ጋር ለምን አልገጠመም ብላችሁ ራሳችሁን አትጠራጠሩም።

እኔ በግሌ በጣም የምወደው ግን ሜሞሪውን ነው። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እያለ ፊደላት ላይ ቁጥር ያስቀምጣል፣ ብታጠፉትም አይረሳም። የካርቦንን 12.011 ኤ ላይ፣ የሃይድሮጅንን 1.008 ቢ ላይ፣ የናይትሮጅንን 14.007 ሲ ላይ፣ የኦክስጅንን 15.999 ዲ ላይ አስቀምጡ። ማስቀመጥ ማለት ቁጥሩን ጽፎ፣ ሺፍት ብሎ፣ ስቶር የሚለውን ነክቶ፣ ከዚያ ፊደሉ ያለበትን ቁልፍ መጫን ነው። ሴሚስተሩን ሙሉ ይጠቅማችኋል።

ቡና አገር ስላለን በካፌይን እንሞክረው። አንዱ ሞለኪውል 8 ካርቦን፣ 10 ሃይድሮጅን፣ 4 ናይትሮጅንና 2 ኦክስጅን አለው። 8ኤ + 10ቢ + 4ሲ + 2ዲ ብላችሁ ስትጽፉ 194.194 ይመጣል። ይሄ የካፌይን ሞላር ማስ ነው፣ የአንድ ሞል ክብደት በግራም። አሁን 100 ሚሊግራም ካፌይን ስንት ሞለኪውል ነው ቢሏችሁ፣ 0.100ን ለዚያ መልስ አካፍላችሁ በሺፍት 7 24 አባዙ። 3.10×10²⁰። ቴብል ማገላበጥ የለም፣ ቁጥር መገልበጥ የለም፣ በመሃል ማጠጋጋትም የለም። በተለይ የመጨረሻው ወሳኝ ነው። በየደረጃው እያጠጋጉ የሚሄዱ ልጆች መጨረሻ ላይ መልሳቸው ከምርጫዎቹ ከአንዱም ጋር አይገጥምም። አንሰር የሚለው ቁልፍ ያለፈውን መልስ ከነሙሉ ዲጂቱ ይዞላችኋል፣ ተጠቀሙበት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አንዳንድ ፈታኝ ሜሞሪ ይጥፋ ሊል ይችላል። አስቀድማችሁ መምህራችሁን ጠይቁ።

ስክሪኑ ላይ የሚወጣው መልስ ክፍልፋይ ወይም ሩት ሆኖ ሲመጣ የሚደናገጡ አሉ። ካልኩሌተሩ አልተበላሸም። መልስን ልክ ደብተር ላይ እንደሚጻፈው ያሳያል፣ ያ ነው ጥሩ ጎኑ። ወደ ዴሲማል ለመቀየር ከእኩል ይሆናል ምልክቱ ከፍ ብላ ኤስ እና ዲ የተጻፈባትን ቁልፍ ንኩ። ለኬሚስትሪ ሁልጊዜ ዴሲማሉን ነው የምትፈልጉት።

ሲግኒፊካንት ፊገር ላይ ካልኩሌተሩ አያግዛችሁም፣ ይሄን በግልጽ ልናገር። እስከ 10 ዲጂት ይደረድርላችኋል፣ የስንቱን ማመን እንዳለባችሁ ግን አይነግራችሁም። ሺፍት ሞድ ብላችሁ 7ን ከመረጣችሁ መልሱን በፈለጋችሁት የዲጂት ብዛት በሳይንቲፊክ ኖቴሽን እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል። 3 ካላችሁት ሁሉንም በሦስት ዲጂት ያሳያል። አሪፍ ነው፣ ነገር ግን ጥያቄው ሁለት ዲጂት ብቻ ይዞ ከመጣ የእናንተም መልስ በሁለት መሆን አለበት። እሱን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።

ወደ አሲድና ቤዝ ስንመጣ ዋናው ቅንፍ ነው። ሎግ የሚለውን ስትጫኑ ካልኩሌተሩ ራሱ ቅንፍ ይከፍታል። መዝጋቱ የእናንተ ሥራ ነው። አሴቲክ አሲድና አሴቴት ያለበት በፈር (ፒኤቹ በቀላሉ የማይለወጥ ድብልቅ) ተሰጣችሁ እንበል፣ የአሲዱን ጥንካሬ የሚናገረው ፒኬኤ 4.74፣ ቤዙ 0.2፣ አሲዱ 0.1። መሆን ያለበት የ0.2 ÷ 0.1 ሎግ ሲደመር 4.74፣ ማለትም 5.04 ነው። ቅንፉን ሳትዘጉ ከደመራችሁ ግን 4.74ም ሎጉ ውስጥ ይገባና 0.83 ይላችኋል። ከአሴቲክ አሲድ የተሠራ በፈር ፒኤቹ 0.83 ሊሆን አይችልም። የተጻፈውን ቁጥር ከማስረከባችሁ በፊት እንዲህ ሁለት ሴኮንድ እዩት። ያ ማየት ነው ኬሚስትሪ ማወቅ፤ ካልኩሌተሩ የበፈርን ነገር አያውቅም።

ሎግና ኤልኤን ጎን ለጎን ስለሆኑ ይምታታሉ። ፒኤች ላይ ሎግ ነው። የሪአክሽን ፍጥነት ላይ፣ ሃፍ ላይፍና የመሳሰሉት፣ ኤልኤን ነው። በመካከላቸው 2.303 እጥፍ ልዩነት አለ። መልሳችሁ በዚያ መጠን ከሳተ የት እንደሳታችሁ ታውቃላችሁ።

ይሄን ካልኩሌተር ከርካሾቹ የሚለየው ደግሞ ኳድራቲክ መፍታቱ ነው። ሞድ ትሉና 5፣ ከዚያ 3። 0.10 ሞላር አሴቲክ አሲድ፣ ኬኤው 1.8×10⁻⁵ የሆነ። ኢኩዌሽኑን አስተካክላችሁ ስትጽፉት ሦስቱ ቁጥሮች 1፣ 1.8×10⁻⁵ እና ነጌቲቭ 1.8×10⁻⁶ ይሆናሉ። አስገቡና እኩል ይሆናልን ተጫኑ። አንዱ መልስ 1.33×10⁻³፣ ሌላው ነጌቲቭ 1.35×10⁻³ ነው። ኮንሰንትሬሽን ነጌቲቭ አይሆንም፣ ስለዚህ የመጀመሪያውን ውሰዱ። ፒኤቹ 2.88። ከዚያ ሞድ 1 ብላችሁ ወደ ተራው ስሌት መመለስ አትርሱ፣ አለበለዚያ ቀጣዩን ጥያቄ ስትሠሩ ግራ ትጋባላችሁ። «ኤክስ ትንሽ ስለሆነ እንተወዋለን» የሚለውን አቋራጭ መምህራችሁ ካስተማራችሁ እሱን ተጠቀሙ። ኳድራቲኩ አቋራጩ ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ ይጠቅማል።

እንግዲህ የማይችለውን ልናገር። ፔሪዮዲክ ቴብል የለውም። ዩኒት አይከታተልም፤ ግራምን ከሞል ጋር ብትደምሩ አይቃወማችሁም። ስክሪኑ መብራት የለውም፣ ስለዚህ መብራት ጠፍቶ ዶርም ውስጥ ለማጥናት የስልክ ባትሪ ማብራት ግድ ነው። ሶላር አለው፣ ውስጡ ደግሞ ኤልአር44 የምትባል ክብ ትንሽ ባትሪ አለች። የጅማ ዝናብ ደመናውን ጎትቶ ቀኑን ሙሉ ሲያጨልመው ባትሪዋ ነው የምትሸከመው።

ስለ ግዢው። ጅማ መርካቶም ሆነ ግቢ አካባቢ ባሉ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች ካልኩሌተር አይጠፋም። ችግሩ ፌኩ መብዛቱ ነው። ፊት ለፊት ስታዩት አንድ ይመስላል፣ ስሙም ያው ነው። ዋጋ እዚህ አልጽፍም፣ የዛሬው ለወሩ ስለማይሆን። ኦሪጅናሉ ከፌኩ በግልጽ ይወደዳል፤ ሁለት ሦስት ሱቅ ጠይቃችሁ አንዱ ጋ በጣም ከረከሰ ጠርጥሩ። አንድ የማስጠናት ልጅ «ኦሪጅናል ነው» ተብሎ የገዛው ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የ7 ቁልፉ አልጫን አለ። ሊመልስ ሲሄድ «ልጄ፣ ከካርቶኑ ከወጣ አይመለስም» አሉት። ቤተሰብ ከላከለት ብር ቆጥቦ የገዛ ልጅ ነው። በጣም አዘንኩ።

ስለዚህ ብሩን ከመስጠታችሁ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ ፈትሹት። ባለሱቁ ቢቸኩል አትቸኩሉ። ሺፍት 7 24 ብላችሁ እኩል ይሆናልን ተጫኑ፤ 6.0221 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ከነ10²³ው መምጣት አለበት። የ8ን ስኩዌር ሩት ጠይቁት፤ 2 ከነሩት 2 ብሎ መስጠት አለበት፣ ዴሲማሉን ከኤስ-ዲ ቁልፍ በኋላ ነው የምታዩት። ኳድራቲክ አስገቡለት። አንድ ቁጥር ሜሞሪ ላይ አስቀምጡ፣ አጥፉት፣ አብሩት፣ መኖሩን እዩ። ሁሉንም ቁልፍ አንድ በአንድ ንኩ። ቁልፉ ላይ ያለውን ጽሑፍ በአውራ ጣታችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ እሹት፤ ቀለሙ ከለቀቀ መልሱላቸውና ውጡ። እነዚህን ሁሉ ያለፈ ፌክ የለም ብዬ አልምልም፣ እስካሁን እጄ የገቡት ፌኮች ግን ከእነዚህ በአንዱ ተይዘዋል።

ኤፍኤክስ-82ኤምኤስ ያላችሁ፣ ከእህት ወይ ከወንድም የወረሳችሁ፣ አዲስ ለመግዛት አትጨነቁ። ኮንስታንት የለውም፣ ኳድራቲክም አይፈታም። ግን ሎጉም ኤልኤኑም አለው፣ በ«×10» ፋንታ ኤክስፕ የሚል ቁልፍ አለው፣ ሥራው አንድ ነው። ኮርሱን በእሱ ኤ ማምጣት ይቻላል፣ ያመጡም አውቃለሁ። ከፍ ያለውን 991ኢኤክስ ያገኘ ደግሞ ስክሪኑ የበለጠ ጥርት ያለ ነው፣ ለጄነራል ኬሚስትሪ ሲባል ብቻ ግን ተጨማሪ ብር ማውጣት አያስፈልግም። ስልክ ላይ ያለውን አፕ ለልምምድ ተጠቀሙበት፤ የፈተና አዳራሽ ስልክ ስለማይገባ ግን እጃችሁን የምታለማምዱት በዋናው ካልኩሌተር ይሁን።

ከሌላ ሰው የተዋሳችሁ ከሆነ መጀመሪያ ሺፍት 9፣ ከዚያ 3፣ ከዚያ እኩል ይሆናል ብላችሁ ወደ ፋብሪካው ሴቲንግ መልሱት። ባለቤቱ ዲጂቱን በሁለት ገድቦት ሊሆን ይችላል፣ እናንተ ፈተና መሃል ላይ ማወቅ የለባችሁም። ሜሞሪውንም ስለሚያጠፋው ግን አስፈቅዱት። ባትሪው ሲያልቅም ያው ነው፣ ከኋላ በትንሽ ብሎን ስለታሰረ ከተማ ውስጥ ሰዓት የሚጠግኑ ልጆች ጋ ውሰዱት፣ እነሱ መፍቻውም ባትሪውም አላቸው። ባትሪው ሲወጣ ያስቀመጣችሁት ሁሉ ይጠፋል፣ ስለዚህ እዚያው እንደቆማችሁ ሺፍት 9 3 አድርጋችሁ 12.011ን ኤ ላይ፣ 1.008ን ቢ ላይ መልሳችሁ አስገቡ።